ባትሪው እስኪሞላ

ልብስ ሰፊዋ ያላት አንድ ልጅ ነው። እሱም በኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ለፋርማሲዎች መድኃኒት ያደርሳል። ካገባ ወዲህ ከሚስቱ ጋር ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቷል፤ አከራዩ ደግሞ ግቢ ውስጥ ሞተር ቻርጅ ማድረግ ክልክል ነው ብሏል።

መጀመሪያ እናቱ ቤት ሞከረ። ሞተሩን ሰክቶ፣ እሷ የኤሌክትሪክ ስፌት ማሽኗን ስትረግጥ፣ ቆጣሪው ቷ ብሎ መብራቱ ጠፋ። መልሰው አበሩት፤ መልሶ ጠፋ። በስተመጨረሻ የጎረቤቱም ሁሉ ድርግም አለና ከአጥር ወዲያ ስድብ መጣ።

“መስመሩ አርጅቷል እማዬ፣ አይችልም” አላትና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲወጣ የሚሄደው አማቱ ቤት ሆነ።

ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም ነበር። ኤሌክትሪክ ነው፤ የትም ቢሰካ ምን ቸገራት? ኋላ ግን ስታስበው፣ ባትሪው እስኪሞላ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሰው ይህን ያህል ቆሞ አይጠብቅም። ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ይበላል፣ ያወራል፣ ጫማውን ያወልቃል። እሷ ጋ ሲመጣ ግን በር ላይ ቆሞ “ቸኩያለሁ” ነው።

“እራት ላቅርብልህ?”

“በልቻለሁ።”

“የት?”

“እዚያ ነዋ።”

“እዚያ” የምትለው ቃል ከጆሮዋ አልጠፋ አለች።

ሰው ሰበብ አያጣም፤ አንድ ቀን ጥሩ መጋረጃ ሰፍታ፣ “ስጦታ ነው” ብላ ተሸክማ ሄደች። አማትየዋ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ግቢው ውስጥ ሞተሩ ለብቻው በተሠራለት ጥላ ሥር ተሰክቶ ቆሟል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ካልሲውን አውልቆ፣ ሁለት ትራስ ተደግፎ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሟል።

“እማዬ፣ ስንት ደረሰ?” አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

እሷን የጠራት መሰላት። “ወዬ” ልትል አፏን ስትከፍት አማትየዋ ቀደመቻት።

“ሰማንያ ገብቷል ልጄ፣ አንተ ተኛ።”

መጋረጃውን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወጣች። ደሟ እየፈላ መንገድ ለመንገድ ለራሷ አወራች፤ “ወልጄ አሳድጌ፣ በሽቦ ይወሰድብኝ?”

በማግስቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታ ከምሰሶው ጀምሮ አዲስ መስመር አዘረጋች።

“ለምንዎት ነው?” አላት።

“ለስፌት ማሽኔ።”

ሠራተኛው የሽቦውን ውፍረት አየና ሳቀ። “በዚህማ እትዬ፣ አውሮፕላን ይሰፉበታል።”

ጥላም አሠራች፤ ከአማትየዋ ጥላ ሰፋ የሚል። ሶፋዋንም አዲስ ልብስ አለበሰች። ከዚያ ደውላ ልጇን ጠራችው። መጣ፤ ሄልሜቱን እንኳ አላወለቀም።

“በል ስካ!” አለችው ፊቷ እየበራ።

“ምኑን? አልሰማሽም እንዴ እማዬ፣ ባትሪ መቀየሪያ ተከፈተ እኮ! ባዶውን ትሰጫለሽ፣ ሙሉውን ይሰጡሻል፤ ውኃ ጠጥተሽ ሳትጨርሺ ጉዞ ነው። እስኪሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ቀረ።”

“ቀረ?”

“ቀረ። ወደፊት ሁሉም እንዲህ ነው የሚሆነው።”

“አማትህ ጋስ?”

“እሷም ጋ ከሄድኩ ቆየሁ።”

እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ደስ አላት። ልጇ ከወጣ በኋላ ግን ማንም ያልተቀመጠበትን ሶፋ እያየች ፈዝዛ ቀረች።

በሳምንቱ አማትየዋ ራሷ ከተፍ አለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ቀና ብላ ሽቦውን አየች።

“እንዳሰብኩት ነው! ልጁን በወፍራም ሽቦ ጎትተሽ ወሰድሽው!”

እስከዚያ ቀን “እርስዎ” ነበር የሚባባሉት።

“እኔ ነኝ የወሰድኩት? ካልሲውን ያስወለቀችው ማን ናት?”

“ታዲያ የት ገባ?”

ስለ መቀየሪያው ስትነግራት አማትየዋ አላመነችም። እየተኮራረፉ አብረው ሄዱ። መቀየሪያው ባትሪዎች እንደ መሳቢያ የተደረደሩበት ቁምሳጥን ያለው ትንሽ ሱቅ ነው። ብዙም ሳይቆዩ ልጁ ከች አለ። ባትሪ ቀያሪው ትከሻውን መታ አደረገው።

“አንተ ጥድፊያ! ጉንፋኑ ተሻለህ?”

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

“ጉንፋን ይዞት ነበር?” አለች ልብስ ሰፊዋ በሹክሹክታ።

“ለእኔ አልነገረኝም።”

“ለእኔም።”

ቀያሪውን ከእግር እስከ ራሱ ገረመሙት። ልጁ ዞር ሲል ሁለቱን ጎን ለጎን አያቸውና ደነገጠ።

“ምነው? ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም” አለች እናቱ። “ሰው ቤት የምትመጣው ለባትሪ ብቻ ነው እንዴ?”

ልጁ ሄልሜቱን አወለቀ። አንገቱን ደፍቶ፣ “እሁድ እመጣለሁ። ሳልቸኩል፣ ሙሉ ቀን” አለ።

“እኔ ቤት!” አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

“ኧረ እሱን እናንተው ተስማሙ” ብሎ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። እነሱ እዚያው ቆመው ሲጨቃጨቁ ቀያሪው ሁለት ወንበር አወጣላቸው። በመጨረሻ አማትየዋ፣ እሷም እንድትገኝ ተስማምተው፣ ልብስ ሰፊዋ ቤት እንዲሆን እሺ ብላ ተሸነፈች።

እሁድ ልጁ ከሚስቱ ጋር መጣ። ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ እናቶች ግራና ቀኙን ያዙ፤ ሚስቱ ወንበር ላይ ሆና ሳቀችባቸው። ልብስ ሰፊዋ እየተጫወተች፣ ወደ ማን ይበልጥ እንደተጠጋ በዓይኗ ትለካ ነበር።