ለእናቴ ዋንጫ አመድ ፍለጋ

እኔ ከፍጥረቴ ተጸያፊ ነኝ። ሰው የጠጣበት ብርጭቆ አፌን አይነካም፤ አውቶቡስ ውስጥ መደገፊያውን የምይዘው በእጅጌዬ ጫፍ ነው። ይህን አመል የወረስኩት ከእናቴ ከአገኘሁሽ ነው፤ እሷ ግን ከእኔ ትብሳለች። ዓመቱን ሙሉ እንደ ምንም ትታገሰናለች። የእኛ የአይሁዶች ፋሲካ ሲገባ ግን ውሃ የምትጠጣው አባቴ ገና ጎንደር ሳለን በእጁ በሠራላት የነሐስ ዋንጫ ብቻ ነው። የፕላስቲክ ኩባያ የሰው ላብ ይሸተኛል ትላለች። አዲስ ብርጭቆ ከነካርቶኑ ገዝቼላት ነበር፤ የፋብሪካ ሽታ አለው ብላ መለሰችልኝ።

አምና የወንድሜ ሚስት ኤፍራት ላስደስታት ብላ ዋንጫውን ከሱፐርማርኬት በገዛችው የብረት መወልወያ አሸችው። ማብራቱንስ አበራ። ሽታው ግን ቤንዚን ላይ ሽቶ የደፉበት ይመስል ነበር። እናቴ አፏ ላይ ስታደርሰው ቋቅ አላት። ከዚያ በኋላ በዓሉ እስኪወጣ በጉሮሮዋ የወረደው ውሃ ከንፈር ማርጠቢያ ነው፤ በመጨረሻ ራሷን ስታ ወድቃ ሆስፒታል አስተኛናት። ሐኪሙ ሌላ እንዲህ ያለ ሳምንት ኩላሊቷ እንደማይችል ቁርጡን ነገረኝ። ለእሷም ነገራት። ዋንጫዬን በወጉ ያጽዱልኝና እጠጣለሁ ብላ መለሰችለት።

ስለዚህ ዘንድሮ ነገሩን እኔ ያዝኩት። ዋንጫው ቁም ሣጥን ውስጥ ከርሞ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል፤ ሥሩ ላይ ምን እንደሆነ ልጠይቅ የማልፈልገው ጥቁር ነገር ተጋግሮበታል። እናቴ የምታምነው ማጽጃ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የእንጨት አመድ ከሎሚ ጋር። ሎሚስ ሞልቷል። ሁሉም በጋዝና በኤሌክትሪክ በሚያበስልበት በእስራኤሏ ኔታንያ ከተማ ውስጥ አመድ ከየት ይምጣ?

ከሱፐሩ ጀመርኩ። የማጽጃው መደርደሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሎሚ ሥዕል ነው፤ አንዱን ከፍቼ ባሸተው ሎሚ በሕልሙም አይቶ የማያውቅ ሎሚ አፍንጫዬን ወጋኝ። መሀል ከተማ የብር ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ሰውየው ሐምራዊ ቅባት ያለበት ጣሳ አወጣና እዚያው ሊያሳየኝ ስፖንጁን አነሣ። ስፖንጁ የስንቱን ቤት እድፍ እንደጠጣ እንጃ፣ ጠቁሮ ይንጠባጠባል። አመሰግናለሁ ማለቱን ረስቼ ወጣሁ።

ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ያለው ትልቁ የብረታ ብረትና የቀለም መደብር የመጨረሻ ተስፋዬ ነበር። እዚያ ብረት የሚያውቅ ሰው አይጠፋም ብዬ አሰብኩ። ሻጩ አመድ ስለው ሳቀ፤ አመድ የሚጣል እንጂ የሚሸጥ ነገር አይደለም አለኝ። ከዚያ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምሥጢሩን ነገረኝ።

«ኬቻፕ ቀቢው፣ ማሚ። ትንሽ አቆዪውና እጠቢው።»

እናቴ ውሃ የምትጠጣበትን ዋንጫ በኬቻፕ። ከኋላዬ የተሰለፈችው ሴትዮ ደግሞ የለም፣ የጥርስ ሳሙና ይሻላል አለች፤ ሌላው ኮካ ኮላ አለ። እኔ እየተከራከሩ ትቻቸው ሄድኩ።

ዘመዱ የሚባል የአክስቴ ልጅ አለኝ፤ በሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ደውዬ ብነግረው ሐቫል፣ በከንቱ ትደክሚያለሽ፣ ፓርኩ ውስጥ ሰው ሥጋ የሚጠብስበት የማንጋል አመድ በሽ በሽ ነው አለኝ። ሄጄ አየሁት። አመዱ የሥጋ ስብ ጠጥቶ ጭቃ ሆኗል፤ የዶሮ ቆዳ ተጋድሞበታል፤ ዝንቡ ለእኔ እንኳ መንገድ አልለቀቀም። አፍንጫዬን ይዤ ተመለስኩና ደውዬ የምሰድበውን ያህል ሰደብኩት። ዘመዱ ስድቤን ለምዶታል፤ ከሳቀ በኋላ እዚያው ፖሌግ ውስጥ በእንጨት የሚጋግር ፒዛ ቤት እንዳለ ነገረኝ።

በበዓሉ ዋዜማ ማለዳ፣ ፒዛ ቤቱ ለፋሲካ ከመዘጋቱ በፊት ደረስኩ። ምድጃውን የሚጠርገው ያርደን የሚባል ልጅ ነበር። ስለ እንጨቱ በጥያቄ አስጨነቅሁት። ቀለም የተቀባ ነው? ምስማር አለው? ከቆሻሻ የተለቀመ ነው? የብርቱካን ዛፍ ነው አለኝ። አንሥቼ አሸተትኩት። ስንት ቀን ከግማት ወደ ግማት ስዞር ከርሜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ ነገር ሸተተኝ። በከረጢት የሞላልኝን አመድ ነጭና ልም ሆኖ ሳገኘው ልጁን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ቤት ገብቼ ቶሎ ጥቂቱን ነፋሁና ዋንጫውን ከውስጥም ከውጭም በሎሚ ፈገፈግኩት። አረንጓዴው ለቀቀ፤ ጥቁሩም ለቀቀ። አጥቤ ውሃ ሞልቼ ለእናቴ ሰጠኋት። ቶሎ አልጠጣችም፤ በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን እያየችበት ፈገግ አለች። እኔ የተረፈውን አመድ ልደፋ ወደ ኩሽና ተመለስኩ። ከረጢቱን ስገለብጠው ከሥሩ የሆነ ነገር ዱብ አለ። የተቃጠለ የፒዛ ጠርዝ ነው፤ የቀለጠ አይብ ተጣብቆበታል።

በፋሲካ እርሾ የነካው ነገር ቤታችን ደጃፍ አይደርስም። እኔ ስለ እንጨቱ ያንን ሁሉ ስመረምር፣ ምድጃው ላይ ምን እንደሚጋገር አንዴም አላሰብኩም። ያንን አመድ ነው እናቴ አፏን የምታሳርፍበት የዋንጫው ከንፈር ላይ ያሸሁት።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ትጠጣለች፣ ኩላሊቷም ይተርፋል። ይህን አስቤ ጠርዙን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት፤ እጄን ግን ከዚያ ላይ ማንሣት አቃተኝ። እኔ ብሆን ሳላውቅ እንዲያጠጡኝ እፈቅዳለሁ? ሄድኩና ነገርኳት።

አልጮኸችም። ዋንጫውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ቀስ ብላ በእግሯ ገፋ አደረገችው። በፈላ ውሃ ልቀቅለው አልኳት። የፈላ ውሃ ውጩን ያጥባል እንጂ የገባበትን አያወጣም አለች። ያን ጊዜ ንዴቴ ገነፈለ። ሱቁ ሁሉ እየተዘጋ ነው፤ ሌላ አመድ የለም።

«ታዲያ በውሃ ጥም ልትሞች ነው፣ እማየ?»

«እጅሽን በሎሚ ታጠቢ» አለችኝ። «እስከ ክንድሽ።»

ታጠብኩ። ከቧንቧው በመዳፍሽ ቅጅልኝ አለች። ነገሩ ሲገባኝ ደነገጥኩ።

«ይኸ እጅ እኮ ያልነካው ነገር የለም።»

«የወለድሁሽ እኔ ነኝ» አለች። «አንችን እጸየፋለሁ?»

መዳፎቼን ገጥሜ ውሃ ሞላሁና አቀረብኩላት። ጎንበስ ብላ ጠጣች። ጥርስ የሌለው ድዷ መዳፌን ነካኝ፤ ምራቋ ከጣቶቼ ጋር ተጣበቀ። የማንም ሰው ቢሆን ኖሮ እጄን ቆርጬ በጣልኩ ነበር።

«ጨምሪልኝ» አለችኝ።

ሁለተኛውን ይዤ ስመለስ ነው፣ በዓሉ እስኪወጣ ከአጠገቧ የትም መሄድ እንደማልችል የገባኝ።