ከድድ እስከ ልብ

"ብርድ ነው፣ ያልፋል" ትላለች ውባንቺ። ወይ ብርድ! በዚህ አገር በጋ በሆነው በሐምሌ፣ አስፋልት በሚያቀልጠው በቂርያት ማላኪ ፀሐይ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያንቀጠቅጣት፣ ላብ ሲያጠምቃት ከርሞ፣ ቤኤር ቱቪያ ካለው መጋዘን ሥራዋ ቀርታለች። ክሊኒኩም ቫይረስ ነው ብሎ ሸኝቷታል።

ልጇ ሲቫን ጌዴራ ከተማ ቤት ተከራይታ ነርስነት ትማራለች። ልትጠይቃት መጥታ እጇን ብትይዘው፣ ጥፍሮቿ ሥር እንደ ተሰበረ እሾህ ያሉ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አየች። ባለፈው ሳምንት የተማረችው የልብ በሽታ ምልክት ነው! የእናቷ የልብ በር ደግሞ ገና በጎንደር፣ በልጅነቷ፣ ጉልበቷን ባሳበጠ በሽታ የተጎዳ ነው።

ውባንቺ ጎረቤታቸው ሮማን ያመጣችላትን የተረፈ አንቲባዮቲክ ልትውጥ ስትል ሲቫን ከእጇ መነተፈቻት።

"እንዳትውጪ! ደምሽ ሳይወሰድ ከዋጥሽ ጀርሙ ይደበቃል! ያኒቭ፣ መኪናውን አስነሳ፣ ያላ፣ ቶሎ በል!"

"አበድሽ እንዴ ልጄ?" አለች እናቷ። ወንድሟ ያኒቭ ግን ቁልፉን ይዞ ደረጃውን ወርዷል።

ሆስፒታል ደሟን ከሦስት ቦታ ቀዱ፤ ልቧንም በአልትራሳውንድ አዩት። ዶክተር ሊሞር ስክሪኑን ጠቆመች። የልቧ በር ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ትውለበለባለች።

"የልብ በር ኢንፌክሽን ነው" አለች። "ጀርሙ እዚያ ጎጆውን ሠርቷል። ካልቆመ በሩን ይበላዋል፤ ተቆርሶ ወደ አንጎል ቢሄድም አደጋ ነው። የደሙ ውጤት እስኪደርስ ለመድኃኒት ምርጫ እንዲረዳኝ፣ በየት እንደገባ ልወቅ። ጥርስ ተነቅለሻል?"

"ሎ፣ አልተነቀልኩም" አለች ውባንቺ፤ አይኗ ግን መሬት ነው።

"እማ!" ሲቫን ጎንበስ አለች። "ሕይወትሽ ነው። ንገሪኝ በሞቴ!"

ውባንቺ በሹክሹክታ፣ "ድዴን ተነቅሻለሁ" አለች። "ለያኒቭ ሰርግ። ሮማን በመርፌ ወግታኝ፣ ደሙም ብዙ ነበር። ሐኪሞች ጥርስ ስትነቀይ አስቀድመሽ መድኃኒት ውሰጂ አሉኝ እንጂ ስለ ንቅሳት ማን ተናገረ?"

ሲቫን በዕብራይስጥ እየተጣደፈች አስረዳች። ዶክተሯ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ "የአፍ ጀርም ሊሆን ይችላል! አሁኑኑ እንጀምራለን!" መድኃኒቱ በደም ሥር ስድስት ሳምንት ይሰጣል፤ ያቭኔ ከተማ የሚደረገው ሰርግ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። በጊዜ መጥታችኋል፣ ተስፋ አለን አለች። ያኒቭ ኮሪደሩ ላይ በደስታ ጮኸና ጥበቃው ተቆጣው። ሲቫንም በደስታ እኔ ነኝ ያገኘሁት ብላ ልትዘል ምንም አልቀራት።

የመድኃኒቱ ቱቦ ከተያያዘላት በኋላ ነው ሲቫን የጠየቀቻት። "ቆይ ግን እማ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሕመሙንም ንቅሳቱንም እንዴት ደበቅሽኝ? ነርስ ልጅ እያለሽ!"

"አንቺን ፈርቼ ነዋ።"

"እኔን?"

"የአክስትሽን የተነቀሰ ድድ አይተሽ 'ኋላ ቀሮች፣ ሰው ፊት አታሳፍሩኝ' አላልሽም? ለወንድምሽ ሰርግ መጥተሽ ድዴን ስታዪ ምን ትዪኝ ይሆን እያልኩ ነበር።"

እውነትም ሲቫን እንዲህ ብላለች። መቼ እንደሆነ እንኳ ታስታውሳለች፤ በበዓል ቀን፣ ጓደኞቿ ፊት። ሲቫን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የእናቷን ጉልበት አቅፋ አለቀሰች። "በእኔ ምላስ ልትሞቺብኝ ነበር፣ እማዬ" አለች።