አሮጌው በረዶ

ኤርሳዶ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሳያውቅ ኖሯል፦ ፋኖሰኛው ልጁን ያግኛት አያግኛት። የሚገርመው፣ ጂንካ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ከእሱ ሰምቶ ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዘጠናዎቹ፣ ከተማው መብራት በጄኔሬተር በሚያገኝበት ዘመን፣ ኤርሳዶ ከአውሮፕላን ሜዳው ጥግ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ገና በመጣ ቁጥር የሚያሳየው አንድ የውጭ አገር ሰው ጥሎት የሄደውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የባቡር ጣቢያ ፋኖስ የሚያበራ ሰው አለ። በገና ዋዜማ ትንሽ ልጁ ራቱን ይዛለት ከቤት ትወጣለች፤ በረዶው ይበረታል፤ ስትዘገይበት ሥራውን ጥሎ ሊፈልጋት ይወጣል። ኤርሳዶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቀርከሃ ይዞ ቆሞ በአማርኛም በአሪኛም ይተርክላቸዋል። እንግሊዝኛው ከሰላምታ አያልፍም። ቢሆንም ፈረንጆቹ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ለሁኔታቸው የሚስማማውን ይናገርላቸው ነበር።

ፋኖሰኛው በረዶው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ፊልም የለም። ገና በመጀመሪያው ቀን ማጫወቻው ዴክ የካሴቱን ክር በልቶታል። ከዚያ ወዲያ የሚታየው ሽሽሽ የሚል ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው።

ከተመልካቹ መካከል የፈረንጅ አገሩን ዓይነት በረዶ ሲወርድ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ነጠብጣቡ በረዶው የባሰበት መሰላቸው። ማንም አልተነሣም። ኤርሳዶም ይህን ሁሉ ሰው አስቀምጦ ዝም ማለት ነውር ሆነበትና ቀርከሃውን ነጩ ላይ ደግኖ፣ «ይኸው፣ እየሄደ ነው» አለ። ቀስ እያለ አስኬደው፤ ልጅቷን አስገኘው፤ ትከሻው ላይ አሳዝሎ ቤቱ አስገባው። ሕዝቡ አጨበጨበ። በየዓመቱም አጨበጨበ።

ዘንድሮ፣ ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋና ኤርሳዶ የሞተር ጎማ መጠገን ከጀመረ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሞተረኛው ዶላሞ ጎማ ሊያስጠግን መጣ።

«ሰማህ ጋሼ? የእኛን ፊልም እንደ አዲስ ሠርተውታል አሉ። ባለ ቀለም፣ በአማርኛ የሚናገር። የገና ዕለት ከሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይታያል።»

«ማን ነው ያመጣው?»

«መምህር ይሁኔ። ያ የጎጃሙ። አሮጌውንም እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ፣ ካለቀ በኋላ ሁለቱን አወዳድርላችኋለሁ ብሏል። እኔን የገረመኝ ለምን እንደ ደገሙት ነው። ያኛው ምን ጎደለው?»

ኤርሳዶ የጎደለውን ያውቅ ነበር። ጎማውን ውሃው ውስጥ ነከረና አረፋ መፈለጉን ቀጠለ።

የገና ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሞላ። ኤርሳዶ ከፊት ተቀመጠ። ከጎኑ ሙሉሽ አለች፤ ያኔ ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ከካኮ ማር ለመሸጥ ስትመጣ፣ ፊልሙን ሳታይ አልመለስም እያለች የምታስቸግረው ናት። አሁን ራሷ ሦስት ልጆች ይዛ መጥታለች።

አዲሱ በረዶ ድምፅ አልነበረውም። ኤርሳዶን መጀመሪያ የያዘው ይህ ነው፤ ያን ያህል ነገር ከሰማይ እየወረደ ኮሽ አይልም። ሲመሽ ሰማያዊ ይሆናል፤ ፋኖሱ ሥር ሲደርስ ማር ይመስላል። አንዷ ቅንጣት ሰውየው ቅንድብ ላይ አርፋ እስክትቀልጥ ድረስ አዳራሹ ሙሉ ጠበቃት። ኤርሳዶ ሃያ ዓመት የልጅቷ አክስት ያደረጋት ሴትዮ የጣቢያው አለቃ ሆና ተገኘች።

ፋኖሰኛው በረዶው ውስጥ ገባ። ዴኩ የበላው ቦታ ደረሰ፤ አለፈ። ኤርሳዶ የወንበሩን ጠርዝ ያዘ።

ሰውየው ልጁን አላገኛትም። መንገዱ ጠፋበት፤ ተንበረከከ። ልጅቷ ግን በሌላ በኩል ዞራ ጣቢያው ደርሳለች። አባቷ የለም፤ ፋኖሶቹ ጠፍተዋል። የራቱን ሳህን አስቀመጠች፤ በርጩማ ስባ ወጣችና አንድ በአንድ ለኮሰቻቸው። ከሩቅ፣ በዚያ ሁሉ ነጭ ውስጥ፣ ተንበርክኮ የነበረው ሰው ቀና አለ።

ለካ የጠፋው ሰውየው ነበር። ኤርሳዶ ይህን ሁሉ ዓመት ያልጠፋችውን ልጅ ሲፈልግ ኖሯል። እንዲህ ያለውን ነገር የሰው ልጅ ከየት አምጥቶ እንደሚያስበው እያሰበ አፉን ከፍቶ ቀረ።

መብራት ሲበራ ማንም አላጨበጨበም።

«አበላሹት» አለ ዶላሞ ከኋላ።

መምህር ይሁኔ ማይኩን አነሣ። «ወገኖቼ፣ አሮጌውም የሚያልቀው እንዲሁ ነው። አዲሱ መጨረሻውን አልነካውም። አባትየው አያገኛትም።»

«መምህር፣ ያኔ አንተ የት ነበርክ?» አለ ዶላሞ።

«እኔማ ደብረ ማርቆስ፣ ሦስተኛ ክፍል።»

«እኛ እዚሁ ነበርን። በዓይናችን አይተናል።»

አዳራሹ ሳቀ። «በረዶውስ?» አለች ሙሉሽ። «ያ ዓይን የሚያጠፋው በረዶ የት ገባ? ይኼ እኮ ካፊያ ነው። ጋሼ፣ አንተ ንገራቸው እንጂ።»

ሁሉም ወደ ኤርሳዶ ዞረ። ተነሣ። መምህሩ ትክክል ነው ቢል፣ የእነዚህን ሰዎች ገና በገዛ አፉ ሊያጠፋው ነው። ተሳስቷል ቢል ደግሞ፣ ፋኖስ የለኮሰችውን ልጅ አሁን አይቷታል፤ እንዴት አድርጎ ይካዳት?

«መምህሩ አልዋሸም» አለ። «እንዲህም ያልቃል። ይኼንን አሁን አየሁት። የእናንተን ግን አላየሁም።»

ቀልድ መሰላቸው።

«እውነቴን ነው። ሙሉሽ፣ ምን ነበር ያየሽው?»

«ምን ትላለህ ጋሼ! ትከሻው ላይ አዝሏት መጣ እንጂ። አንድ ጫማዋ ወልቆ ነበር፣ ቀዩ። ሳህኑን በግራ እጇ ይዛ እንቢ ብላ አልለቀቀችም።»

«በቀኝ እጇ ነው» አለ ዶላሞ።

«በግራ። በቀኟ የአባቷን ጆሮ ይዛለች።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ ዶላሞ።

ኤርሳዶ ስለ ጫማ ተናግሮ አያውቅም። ስለ ጆሮም። ፊልሙም ቀይ አልነበረውም፤ ጭራሽ ቀለም አልነበረውም። ዙሪያውን ሲያይ ሰዉ ሁሉ በአዎንታ ራሱን እየነቀነቀ ነው፤ አንዳንዱ ጆሮው የትኛው እንደነበር ከጎረቤቱ ጋር ይከራከራል። መምህር ይሁኔ ሊናገር ብሎ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋና መልሶ ዝቅ አደረገው።

ኤርሳዶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ወንበሩን ወደ ሙሉሽ አዞረ።

«ከዚያስ?» አላት።