የነካ ተረከበ

ከመርከብ የወረዱ ኮንቴይነሮች በሚደረደሩበት ግቢ፣ በመጨረሻው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ አንድ ነጭ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ከጠዋት ጀምሮ ያለ ኤሌክትሪክ ቆሟል። ወፍራም ገመዱ ከጎኑ ወርዶ በሲሚንቶው ላይ ተጋድሟል፤ ሶኬቱም ከግድግዳው መሰኪያ አንድ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ወድቋል። በዙሪያው አራት ሰዎች ቆመዋል። ስምንት እጅ ነበራቸው፤ ሶኬቱን ለመንካት የደፈረ ግን አንድም አልነበረም።

ኮንቴይነሩ የጫነው ዘር ድንች ነው። ያስመጣችውም ባሏ ከሞተ ወዲህ ንግዱን ብቻዋን ይዛ የቆየች፣ ዕድሜዋ ስድሳን ቢያልፍም ወገቧ ያልጎበጠ የዘር ነጋዴ ናት። ዘሩን የሚጠብቁት ገበሬዎች መሬታቸውን አለስልሰው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶላቸው፣ ዓይናቸውን በመንገዱ ላይ ተክለዋል። ከሌላ ቦታ ዘር እንዳይፈልጉ የከለከለቻቸው እርሷ ናት፤ «በቃሌ እደሩ» ብላቸዋለች። ድንቹ በሙቀት ታፍኖ ከበሰበሰ የዘንድሮው መሬታቸው ጦሙን ያድራል።

ጠቡ የተነሣው እንዲህ ነው። ጠዋት የጭነት መኪናዋ በመጣ ጊዜ የግቢው መብራት ሠራተኛ ኮንቴይነሩ ይነሣ ዘንድ ሶኬቱን ነቀለ። ክሬኑ ሊያነሣው ሲቃረብ ነጋዴዋ ጎንበስ ብላ በማሽኑ ፊት ያለውን፣ በባትሪ የሚሠራውን የሙቀት ማሳያ አየች። አራት ዲግሪ ማለት ሲገባው አሥራ አንድ ይላል።

«ቁም!» አለች። «ይህን አልረከብም። ማሽኑ ባሕር ላይ ሳለ ቆሞ ነበር።»

የመርከቡ ወኪል ግን፣ «ያስነቀለ ተረክቧል። ከአሁን በኋላ የሚደርሰው ሁሉ ባንቺ ነው» ሲል መለሰላት።

ከዚያ ወዲያ ሶኬቱ በወደቀበት ቀረ። እርሷ ብትሰካው ጭነቱን እንደተረከበች ይቆጠርብኛል ብላ ፈራች፤ እርሱም ቢሰካው ጭነቱ ገና በእጄ ነው ብሎ ማመን ይሆንብኛል ብሎ ፈራ። ሁለቱ ሲፈራሩ ማሳያው አሥራ አምስት ገባ።

ወኪሉ ባዕድ ሰው አይደለም፤ ዋርሳዋ ነው፣ የሟቹ ባሏ ታናሽ ወንድም። ንግዱን እንድታካፍለው ጠይቆ ከከለከለችው ጊዜ አንሥቶ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው አያውቁም። ነጋዴዋ የመረጠችው መርከቡን ነበር፤ ወኪሉን የሚመርጠው ግን የመርከቡ ባለቤት ነውና ጠላቷ በራሷ ጭነት ላይ ተሾመባት።

«እትዬ፣ ፀሐዩ በረታብሽ እኮ» አለ ዋርሳዋ፣ በኮንቴይነሩ ጥላ ሥር እንደቆመ። «ጃንጥላ ላስመጣልሽ?»

«ለድንቹ አስመጣለት።»

«ድንቹ የማን ሆነና!»

«ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ ልብላው ልብላው ነው» አለች። «ወንድምህ በሞተ ሳምንትም ደጄ ላይ ቆመህ ያልከው ይህንኑ ነው፤ ‹የማን ሆነና› ነው ያልከው።»

የወኪሉ ፊት ቀላ። ጠበቃ የሆነው ልጇ ከረባቱን ሳያላላ በመካከላቸው ገባ።

«እማ፣ አትመልሽለት። የተናገርሽው ሁሉ ማስረጃ ይሆንብሻል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

«እናንተ ስትጠራጠሩ ድንቹ ተቀቀለ» አለ አራተኛው ሰው።

ይህ የግቢው መብራት ሠራተኛ ነበር። ቶሎ የሚቃጠል ሰው ስለሆነ ባልደረቦቹ ፊውዝ ብለውታል፤ እርሱም ስሙን ተቀብሎ ይኖራል።

«እኔ የምፈልገው አንድ ፊርማ ነው» አለ ፊውዝ። «ይሰካ ብሎ የፈረመ ይሰካለታል። ባለፈው ለነፍሴ ብዬ ሳላስፈርም ብሰካ ሁለቱም ወገን ከሰሰኝ። አሁን ነፍሴም ትፈርም ብያለሁ።»

«እርስዎ ይፈርሙ» አለ ጠበቃው አጎቱን። «ጭነቱ በእናንተ ጥበቃ ሥር ነው።»

«ትናንት አንገቴ ላይ ተንጠልጥለህ ያደግህ ልጅ ዛሬ ጥበቃ ታስተምረኛለህ? እናትህ ትፈርም።»

«እሺ፣ ሁለታችሁም ፈርሙልኝ» አለ ፊውዝ። «መብታችሁ እንደተጠበቀ ብላችሁ ጻፉና ፈርሙ። እኔ ልስካ፤ እናንተ ደግሞ ጥላ ውስጥ ገብታችሁ በደንብ ተጣሉ።»

ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ የረባው ይህ ብቻ ነበር። ጠበቃው ወረቀት አወጣ፤ ወኪሉም እስክሪብቶውን ከኪሱ መዘዘ። ግን ማን ይቅደም? አስቀድሞ የፈረመ ጠያቂ ነው፣ ጠያቂ ደግሞ ለጭነቱ ኃላፊ ነው ተባለና እንደገና ተያያዙ። ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ እንፈርም ቢባል፣ በቀኝ የሚውለው የማን ነው የሚል ሌላ ነገር ተነሣ። ወረቀቱ በጠበቃው እጅ ላብ ረጥቦ ተጨማደደ።

የማጓጓዣውን ውል ያረቀቀው ይኸው ልጅ ነበር። ክርክር ቢነሣ በየትኛው ከተማ እንደሚዳኝ፣ በየትኛው አገር ሕግ እንደሚታይ፣ ዳኞቹ ስንት እንደሚሆኑ አራት ገጽ ጽፏል። ኮንቴይነሩ ከመርከብ ወርዶ መኪና ላይ እስኪወጣ ድረስ ኤሌክትሪኩን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ግን አንዲት መስመር እንኳ አልጻፈም። ለጠብ እንጂ ለሥራ ያልተጻፈ ውል እንዲህ ባለ ቀን ሰውን አደባባይ ያቆማል።

ነጋዴዋ ትታቸው ወደ ኮንቴይነሩ ሄደች። በማሽኑ አጠገብ ካለችው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ላይ አፍንጫዋን አስጠጋች። ዘር ድንች ጤነኛ ሲሆን አፈር አፈር ይላል። አሁን የሸተታት የታፈነ ክፍል ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ሊበላሽ የተቃረበ ነገር ሽታ። ከሽታው በታች ግን አፈሩ ገና አለ።

ተመለሰችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች። ጎንበስ ብላ ሶኬቱን በሁለት እጇ አነሣችው።

«እማ!» ልጇ እየሮጠ መጣ። «ከሰካሽው ክሱ ሞተ ማለት ነው!»

«ይሙት። እኔ ክስ አልዘራም።»

«ይቆዩ እትዬ፣ ኃይሉ ትልቅ ነው!» አለ ፊውዝ። «ማብሪያው መውረዱን መጀመሪያ ይዩ!»

«ስትሰካ ሳይህ ነው የኖርኩት።» ማብሪያው መውረዱን አየች፤ ሶኬቱን ገፍታ አስገባች፤ ቀለበቱን አዙራ አጠበቀችው፤ ከዚያ ማብሪያውን ወደ ላይ ገፋች። ማሽኑ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ተንተከተከና ተነሣ።

ወኪሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣ ጀመር። «ተረከበች! ምስክር ሁኑ፣ በገዛ እጇ ተረከበች! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው!»

«አንሣ» አለችው። «ደግመህ አንሣ። አንገቴን ቀና አድርጌልሃለሁ።»

«ጋሼ፣ አይቸኩሉ» አለ ፊውዝ፣ ሳቁን በመዳፉ ሸፍኖ። «የተረካቢ ፊርማ በሌለበት ጊዜ የተሰካው ኤሌክትሪክ በወኪሉ ስም ነው የሚያዘው። የግቢው ደንብ ነው። አሁን በእርስዎ ስም ነው የሚቀዘቅዘው።»

የወኪሉ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ኤሌክትሪኩ በስሙ ከተያዘ ጭነቱም በእጁ ነው ሊባል ነው። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ መሰኪያው ተወረወረና የሶኬቱን ቀለበት ጨበጠ።

«በሕግ አምላክ!» አለ ጠበቃው። ነገር ግን የሚከለክል ሰው ድምፅ አልነበረም። በተራው ስልኩን አውጥቶ ወደ አጎቱ እጅ አነጣጠረ፤ ዓይኑ አበራ። «ንቀለው አጎቴ! በእናትህ ንቀለው! የሚቀዘቅዘውን ጭነት በገዛ እጅህ አቋርጠህ አበላሸኸው ማለት ነው። ንቀልልኝ!»

የወኪሉ እጅ በቀለበቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ቢነቅለው ጭነቱን የገደለ እርሱ ነው። ባይነቅለው ጭነቱን የሚያኖረው እርሱ ነው። ከግንባሩ ላብ እየወረደ፣ መልቀቅም መጎተትም አቅቶት፣ የእህቱን ጠርሙስ ሰብሮ እንደተያዘ ሕፃን ቆመ።

«ምን ትጠብቃለህ? ፈሪ!» አለ ጠበቃው። «ጎትተው!»

ነጋዴዋ ዋርሳዋን ትታ ልጇን አየች። የምታየው እንግዳ ሰው ነበር።

«ምን አልክ አንተ?»

«እማ፣ ዝም በይ፤ ከነቀለ አበቃለት! አሸነፍን እኮ!»

«ድንቹስ?»

«የድንቹን ካሣ ይከፍለናል። ሙሉ ካሣ!»

«ገበሬው ካሣ ይትከል?»

ልጁ ስልኩን ዝቅ አላደረገም። እርሷ ሄዳ በዋርሳዋና በግድግዳው መካከል ትከሻዋን አስገባች፤ እጁን ከቀለበቱ ላይ እንደ ዝንብ ጠረገችው። ጀርባዋንም ለመሰኪያው ሰጥታ ቆመች።

«ፍርድ ቤት እንገናኛለን እትዬ» አለ ዋርሳዋ፣ እጁን እያሻሸ።

«እንገናኛለን። መጀመሪያ ግን ያንተም የኔም ያልሆነ መርማሪ ይመጣል። በሩ በሁላችን ፊት ይከፈታል። የሞተው ተለይቶ ይቆጠራል፤ የዳነው ዛሬውኑ ይጫናል። ስረከብም ‹ተበላሽቶ ደርሶኛል› ብዬ ጽፌ ነው የምፈርመው። ስለሞተው ደግሞ እከስሃለሁ፤ ወንድምህ ከመቃብር ተነሥቶ ቢለምነኝ አልምርህም።»

«ክሱን እኔ ነገ አስገባዋለሁ» አለ ልጇ።

«አንተ አታስገባም።»

«እማ?»

«ሌላ ጠበቃ እይዛለሁ። የድንቹን መዳን ከኔ ጋር የሚመኝ ሰው እፈልጋለሁ። አንተና አጎትህ ስትፈልጉ አንድ ቢሮ ክፈቱ፤ ትግባባላችሁ።»

ልጁ ከረባቱን አስተካከለ። ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ግቢው በር ሄደ፤ ዞር ብላ አላየችውም። ወኪሉ ግን ከጥላው አልወጣም፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ በአንድ ዓይኑ መሰኪያውን ይጠብቃል። ማሳያው አሥራ አራት አለ።

«ወንበር ላምጣልዎት?» አላት ፊውዝ።

«አምጣ። ያ ሰውዬ ከዚህ ግቢ እስኪወጣ አልነሣም።»