ተነግሯታል

አርብ ጠዋት የሬጅስትራሩ መስኮት ሲከፈት መጀመሪያ የቆመችው ባርኮት ነበረች። የብየዳ ጓንቷን በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች። ጫማዋ የገጠር ቀዬዋን የሁምቦን አቧራ ለብሷል፤ ፀጉሯን ግን አዲስ ተሠርታለች።

«ቲቸር፣ ምዘናው የትኛው ወርክሾፕ ነው?» አለች። ሰልጣኞቹ በኮሌጁ ውስጥ ደመወዝ የሚበላውን ሁሉ ቲቸር ነው የሚሉት።

የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ሰናይት ከመስኮቱ ውስጥ ቀና ብላ አየቻት። የብየዳ ምዘና ማክሰኞ ተሰጥቶ አልቋል።

«ማክሰኞ እኮ ነበር፣ ባርኮት» አለች በቀስታ።

«አርብ ነው የተባልነው» አለች ልጅቷ እየሳቀች። የሰናይትን ፊት ስታይ ሳቋን ተወችው። «ጋሽ ወልደመስቀል እስከ ወር መጨረሻ ማለፍሽን የሚያሳይ ወረቀት ይዘሽ ነይ ብሎኛል እኮ።»

ወልደመስቀል ባርኮት የትብብር ሥልጠናዋን የሠራችበት የብረታ ብረት ቤት ባለቤት ነው። እጇን አይቶ ወዶታል፤ ወረቀቱን ካመጣች ሊቀጥራት ቃል ገብቷል።

የምዘና ማዕከሉ ቀኑን ወደ ማክሰኞ ማምጣቱን የሚገልጸው ደብዳቤ ምክትል ዲኑ ጠረጴዛ ላይ አራት ቀን ተኝቶ ነበር። ከተኛበት ሲነሣ ሁሉም ነገር ጥድፊያ ሆነ። አሰልጣኙ መልካሙ ቴሌግራም ላይ ለጠፈና እጁን አራገፈ። ቴሌግራም የሌላቸው ዘጠኝ ሰልጣኞች ለሰናይት ተሰጡ። ስምንቱን ደውላ አገኘቻቸው። ዘጠነኛው ቁጥር የባርኮት አባት የአቶ ጦና ነበር። ሰውየው «ሳሮ» ብለው ሰላምታ ሰጡና በወላይትኛ ብዙ ተናገሩ።

ሰናይት ከደሴ መጥታ ሶዶ ከተመደበች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ከሰላምታ ያለፈ ወላይትኛ የላትም። ያቺኑም ሰላምታ አንድ ቀን ሻይ ክበብ ውስጥ ብትሞክራት፣ አጠገቧ የምትሠራው ህብረት «ሰኒ፣ አንቺ እኮ ሰላም ስትይ የተጣላ ሰው ትመስያለሽ» ብላ ክበቡን በሳቅ ሞልታዋለች። ህብረት ቀልዷን ሻዩን ሳትጨርስ ረስታዋለች። ሰናይት አልረሳችውም።

ስለዚህ «ይቅርታ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ህብረት ሁለት እርምጃ ርቃ ተቀምጣ ነበር፤ «እስቲ አናግሪልኝ» ማለት ይበቃ ነበር። ሰናይት ግን በአማርኛ መልእክት ጻፈችና ላከች። አሳምራ ነው የጻፈችው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መታወቂያ መያዝ እንዳለባት ሳይቀር። ከዚያም ዝርዝሩ ላይ ከባርኮት ስም ትይዩ፣ ለሌሎቹ እንዳደረገችው ሁሉ፣ «ተነግሯታል» ብላ ፈረመች። ረቡዕ ዕለት ባርኮት እንዳልተመዘነች ስታይ «አሟት ይሆናል» ብላ ለራሷ ነገረች።

አሁን ሁለቱም ምክትል ዲኑ ፊት ቆመዋል። አቶ ጌታሁን ፋይሉን አገላብጠው ጣታቸውን ከአንድ መስመር ላይ አሳረፉ።

«ተነግሯታል ይላል» አሉ። «ልጄ፣ ተነግሮት የቀረ ሰው ቀጣዩን ዙር ነው የሚጠብቀው። ስድስት ወር።»

ባርኮት ወደ ሰናይት ዞራ አየቻት። የሚያግዛት ሰው ስትፈልግ እንጂ ልትከሳት አልነበረም። ሰናይት ዓይኗን ፋይሉ ላይ ጣለች።

«እሺ» ብላ ባርኮት ወጣች።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ሰናይት እውነቱን የተናገረችው። አቶ ጌታሁን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«መዛኞቹ እስከ ትናንት እዚሁ ነበሩ እኮ» አሉ። «ረቡዕ ብትነግሪኝ በአንድ ደብዳቤ ከሌሎቹ ጋር አስገባት ነበር።»

«አሁንስ፣ አቶ ጌታሁን?»

«አሁን ሪፖርቱ ማኅተም ተመትቶበት ሄዷል። ለአንድ ሰው ብለው አይመለሱም።» ከዚያ ወደ ጠረጴዛቸው አቀርቅረው «እኔም ደብዳቤውን በጊዜው አላነሣሁትም» አሉ። የሰማቻቸው አልመሰላቸውም።

ሰናይት ባርኮትን ውጪ በር ላይ መኪና ስትጠብቅ አገኘቻት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ምንም ሳታስቀር ሁሉንም ነገረቻት። ባርኮት ጨርሳ ሰማቻት።

«መልእክትማ ሁልጊዜ ይመጣል» አለች። «በቀን አምስት ጊዜ የቴሌ ማስታወቂያ ይመጣል። አባቴ ማንበብ አይችልም። ስልኩ ጮኽ ሲል መልእክቱን ያጠፋዋል።»

«ጋሽ ወልደመስቀልን እኔ ላናግራቸው።»

«ሌላ የሚቀጥረው ልጅ አለው ቲቸር። እስከ ወር መጨረሻ ነው ያለኝ። ስድስት ወር ማን ይጠብቃል?»

ሰናይት ስልኳን አወጣች። «እንግዲያው ለአባትሽ ልደውል። አንቺ ተርጉሚልኝ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ንገሪልኝ።»

አቶ ጦና ወዲያው አነሡ፤ ድምፃቸው ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። ባርኮት ስልኩን ተቀብላ ተናገረች። የተናገረችው አጭር ነበር። ቀጥሎ ሰውየው ሳይጮሁ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ ባርኮት አንገቷን ደፍታ አዳመጠች። ከዚያ ስልኩን መለሰችላት። መስመሩ ተዘግቷል።

«ምን አልሻቸው?»

«ቀኑን እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አልኩት።»

«ባርኮት፣ እኔ እኮ...»

«ቢሮ ተሳሳተ ብዬ ብነግረው አያምንም ቲቸር። የተማረ ሰው አይሳሳትም ነው የሚለው። ውሸታም ከሚለኝ ዝንጉ ቢለኝ ይሻላል።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

ባርኮት መንገዱን አየች።

«በቆሎው ሰው ይፈልጋል፣ ቶሎ ነይ አለ። ከእንግዲህ ከተማ አልልክሽም አለ።»

የሁምቦ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ፤ ባርኮትም ወንበር እንዳያመልጣት ሮጠች።