የሱንዶክ ጣባ

ቦክሬ የዘይት ጣባውን ከመቅረዙ ላይ ላንሳ ብትል እምቢ አላት። ቀስ አድርጋ ወዘወዘችው፤ ጭራሽ! ጎንበስ ብላ ብታየው ሥሩ በሩዝ ሙጫ ተጣብቋል።

"ጋሼ፣ ኩራዝ በሙጫ የሚያጣብቅ ሰው ገና ዛሬ አየሁ። ነፋስ እንዳይወስድብዎት ነው?"

"የልጅ ልጆቼ እንዳይጥሉት ነዋ!" አሉ ሙንግዩ ካርቶን እየጎተቱ። "በሞቀ ውኃ አርሺው። ሰብረሽ እንዳታስለቅሺኝ ብቻ።"

ሙንግዩ ጡረታ እስኪወጡ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበሩ። የእረፍት ቀናቸውን ግን መንደር ለመንደር እየዞሩ አሮጌ ኩራዝ ሲለቅሙ ነው የጨረሱት። በኮሪያዋ የዴጉ ከተማ የአሮጌ ዕቃ ሰፈር አንድ ኩራዝ የየትኛው ዘመን፣ የየትኛው የሸክላ ምድጃ ሥራ እንደሆነ ክርክር ከተነሳ "ሙንግዩ ይየው" ይባላል። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ሥሩን በጣታቸው ዳበስ ያደርጉና ይናገራሉ፤ ሲሳሳቱ ያየ የለም። በባህል ልብስ ሰፊዋ በቦክሬ ላይ ይህን የኩራዝ በሽታ ያጋቡባት እሳቸው ናቸው። "ላዩን ሁሉም ያሳምራል፤ ገልብጠሽ እዪ" ያሏት ምክር አንድም ቀን አልከዳትም።

ነገ ቤታቸውን ለቀው ልጃቸው አፓርታማ ሊገቡ ነውና ቦክሬ ዕቃ ልትጠቀልልላቸው መጥታለች። ምራታቸው "አባባ፣ ቦታ ጠቦናል" ስላለቻቸው ኩራዞቻቸውን ለወዳጅ አከፋፍለው ይህን ብቻ አስቀርተዋል። ሟች ባለቤታቸው ሱንዶክ ለስድሳኛ ዓመት ልደታቸው የሰጧቸው ስጦታ ነው።

ሙጫው ለቀቀ። ቦክሬ እንደ ልማዷ ጣባውን ገለበጠችውና ክው አለች። ሥሩ ትናንት ከምድጃ የወጣ ይመስል ነጭ ነው። የጠርዙም ጥላሸት እሳት ያመጣው ሳይሆን ሰው የቀባው ነው። መቅረዙ ግን እውነተኛ፣ ስንት ትውልድ ያበራ አሮጌ ጥድ ነው። ጣባው የነበረበት ላይ የድሮ ዘይት ያተመው ክብ አለ፤ ክቡ በአንድ በኩል ጎደል ይላል።

ያንን ጉድለት ቦክሬ አወቀችው። እቤቷ ያለው፣ መጀመሪያ የገዛችው፣ ልጇን እንኳ የማታስነካው ጣባ እግሩ ላይ ልክ በዚያው መጠን ተሸርፏል።

"ከኩራዝ ሥር ጨለማ ነው" የሚሉት አባባል ትዝ አላት። የአገሩን ኩራዝ ሁሉ የገለበጡ ሰው የራሳቸውን ሳይገለብጡ ቀሩ! የሚስትዎ ስጦታ የውሸት ነው ተብሎ ይነገራል? ዝም ብላ ጠቅልላ ብትሸኛቸው ማንም አያውቅም፤ የራሷም ጣባ ይቀርላታል። ግን እኚህን ሰው ከውሸት ዕቃ ጋር መሸኘት ደግሞ አልሆንልሽ አላት።

"መጣሁ፣ ጋሼ" ብላ ወጣች።

ስትመለስ በሐር ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። የራሷን ጣባ መቅረዙ ላይ አስቀምጣ ቀስ እያለች አዞረችው። ሽርፉ ከጎደሎው ጋር ሲገጥም ቁጭ አለ።

"ይኸው። ቦታው እዚህ ነው። ይዘውት ይሂዱ።"

ሙንግዩ ተጠግተው ጣባውን ዳበሱት። "ወይ እጅ!" አሉ፤ የጥንቱን ሸክላ ሠሪ ማድነቃቸው ነው። ከዚያ ቀና አሉ። "ያኛውስ?"

"ያኛው... ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ። አዲስ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ምን አሉ?"

"የሰጠችኝ ዕለት፣ ጣቴ ሥሩ ላይ ሲያርፍ ነው ያወቅሁት። መቅረዙን ከገጠር አግኝታ፣ ባዶውን አልሰጠውም ብላ ጣባ ስትፈልግ ነው ያታለሏት። ሱንዶክ አጠገቤ ቁጭ ብላ ፊት ፊቴን ታያለች። 'እስቲ ይኼ የማን ዘመን ነው?' አለችኝ።"

"ምን አሏት ታዲያ?"

"'በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም' አልኳት። ዋሸሁ እንዴ?"

ቦክሬ ሳታስበው ሳቀች።

"በማግስቱ አጣበቅሁት" አሉ ሙንግዩ። "እዚህ ቤት የሚመጣው ሁሉ እንዳንቺ ያለ ገልባጭ ነው። ያስተማርኳችሁ እኔው! አንዱ እሷ ፊት ቢገለብጥብኝስ?"

ቦክሬ ስንት ዓመት ያደነቀቻቸው ዕቃ ስለሚያውቁ ነበር። አሁን ግን የበለጠ ገረሟት፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

ሙንግዩ መቅረዙን ከነጣባዋ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

"ወደ ቤትሽ ውሰጂው። ተለያይተው የከረሙትን መልሼ አልለያያቸውም።"

"ኧረ ጋሼ! እርስዎስ?"

ሙንግዩ የሱንዶክን ጣባ አንስተው የቀረውን ሙጫ በጥፍራቸው ፈቀፈቁ፤ በእጅጌያቸውም ወለወሉት።

"ያንን ሐር ወዲህ በይ" አሉ። በጥንቃቄ ጠቅልለው የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱት።