እሱ ሲቃጠል ኡፍ የምትለው

የምነግራችሁ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴ ይድረቅ። በአንድ ዳቦ ቤት ሠላሳ ዓመት የጋገረ ሰው ነበር፤ ጋሽ ብረቱ ይሉታል። ትሪውን ከምድጃ የሚያወጣው በባዶ እጁ ነው። ዝንብ እጁ ላይ ብታርፍ ተቃጥላ የምትነሳው እሷ ነበረች።

«ጋሽ ብረቱ፣ ጨርቅ ላቀብልህ?» ይለዋል ሊጥ አቡኪው።

«ለምድጃው ስጠው። የሚፈራው እሱ ነው።»

ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ሚስቱ ሁለቱን መዳፎቹን እንደ ደብዳቤ ገልብጣ ታነባለች። አዲስ ቁስል ካገኘች «ኡፍ» ብላ የራሷን እጅ ትሰበስባለች።

«የተቃጠልኩት እኔ፣ ኡፍ ባይዋ አንቺ።»

«አንዳችን ማለት አለብን» ትለዋለች፣ ቅባት እየቀባችው።

አንድ ቀን እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ጣቶቹን በመርፌ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«አባቴ፣ ይሄ ጀግንነት አይደለም። ሰው ትኩስ ነገር ሲነካ በጣቱ ያለው ነርቭ ወሬውን ይዞ ይሮጣል። ጭንቅላት እስኪሰማ እንኳ አይጠበቅም፤ ህብለ ሰረሰር መንገድ ላይ ተቀብሎ ‹እጅህን አንሳ› ብሎ ያዛል። ሕመሙ የሚሰማን እጃችን ከሸሸ በኋላ ነው። የእርስዎን ነርቮች ስኳር በሽታ በልቷቸዋል። ወሬ ነጋሪ የለዎትም።»

«አለኝ እንጂ» አለና በአገጩ ወደ ሚስቱ ጠቆመ።

በዓመቱ ወሬ ነጋሪዋ ራሷ ወደቀች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰና አንደበቷ ተዘጋ፤ ከሰውነቷ የሚታዘዛት ቀኝ እጇ ብቻ ሆነ። በተኛችበት ሆስፒታል የምትረዳት ነርስ ዘዴ አበጀች። «እናቴ፣ ሲጠማዎት አንድ ጊዜ፣ ሲያምዎት ሁለት ጊዜ የባለቤትዎን እጅ ጨበጥ ያድርጉ።»

«ሦስት ከሆነ ‹ዝም በል፣ ወሬህ ሰለቸኝ› ነው» አለ ብረቱ። የሚስቱ ከንፈር በአንድ በኩል ፈገግ አለ።

መዳፉ እንደማይሰማ ለነርሷ አልነገራትም። ቢነግራት አልጋው አጠገብ ያለውን ወንበሩን ለሚስቱ እህት ትሰጥበታለች ብሎ ፈራ። ስለዚህ እንደ ዳቦ ጠባቂ ዓይኑን ሳይነቅል የሚስቱን ጣቶች ሲያይ ይውላል። ሲጨብጡት ያያል፣ ይቆጥራል፣ ውኃ ያመጣል። አራት ቀን እንዲህ አለፈ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት ሊያስቃት ፈልጎ፣ እርሾው የበዛበት ሊጥ ጣሪያውን ገፍቶ ጎረቤት ስለ መግባቱ ያወራላት ጀመር። ጣሪያውን ሲያሳያት ዓይኑ አብሮ ወደ ላይ ሄደ። ጎረቤት ቤት ገብቶም ቆየ።

«አባቴ፣ እየጨበጡዎት እኮ ነው» አለች ነርሷ ከበሩ።

ቁልቁል አየ። የጥፍሯ ምልክት መዳፉ ላይ ታትሟል። እጇን አንስቶ ጉንጩ ላይ፣ በሚሰማው ቦታ ላይ አደረገው። እጇ እንደ ሊጥ ለስልሷል፤ ምንም አላለም። ከዚያ ወዲያም ምንም አላለም።

«ስንት ጊዜ ነው የጨበጠችኝ?»

«ሦስት» አለች ነርሷ።

«ዝም በል ነው ያለችኝ» አለና ዝም አለ።

ዛሬ ትሪ የሚያወጣው በጨርቅ ነው። ሊጥ አቡኪው «ብረቱ ዛገ እንዴ?» ቢለው፣ «ኡፍ የሚልልኝ የለም» አለው።

ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምዬ የለ? አንዷን ግን የፈጠርኳት እኔ ነኝ፤ ለእሷ ምላሴ ይድረቅ። ነርሷ «ሦስት» አላለችም። «እኔ እንጃ አባቴ፣ አሁን መግባቴ ነው» ነው ያለችው።